በጅማ በተገኘ ስድስት ጎራሽ ላይ ያለው «ኬ.ፒ. 47» የማን ምልክት ነው? የከፋ ፖሊስ ወይስ የሌላ?

ይህን የመድረክ ውይይት፣ ማለትም ክር፣ የከፈተው የጅማ ነዋሪ ጥያቄውን ያቀረበው በሥርዓትና በጥንቃቄ ነው። አያቱ በቀድሞው የከፋ ጠቅላይ ግዛት ፖሊስ አገልግለው በመቶ አለቅነት ማዕረግ ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ከእሳቸው የቀረውን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ዛሬ አጎቱ በሕጋዊ ፈቃድ ይዘውታል። በእጀታው ጀርባ ላይ ኬ እና ፒ የተባሉት የላቲን ፊደላት፣ ከሥራቸውም 47 የሚል ቁጥር ተመትቶበታል። በቤተሰቡ ዘንድ ሲነገር የኖረው ታሪክ፣ ጅማ ከጣሊያን ነጻ በወጣች ጊዜ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ሽጉጡን ለአያትየው በእጃቸው እንደሰጣቸው የሚገልጽ ነው። ፊደላቱም «ከፋ ፖሊስ» ማለት ስለ መሆናቸው በቤቱ ማንም ጥርጣሬ ኖሮት አያውቅም። ጠያቂው ይህንኑ ታሪክ እንደ እውነት አስቀምጦ፣ ማረጋገጫ የሚሰጥ ሰው ካለ እንዲረዳው በትሕትና ጠየቀ።

ምላሾቹን በቅደም ተከተል የምተርከው ውይይቱ ስለረዘመና በኋላ የመጡ አንባቢዎች መልሱን ከመሃል እየመዘዙ ስለሚከራከሩ ነው። ጉዳዩም ከአንድ ቤተሰብ ሽጉጥ የሰፋ ነው። በጅማና በአካባቢዋ እንዲህ ዓይነት አሮጌ መሣሪያ ያለባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ ዝገት ለማጽዳት ሲባል በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ የሚጠፋ ምልክት ደግሞ ተመልሶ አይገኝም።

1ኛው ምላሽ ለጠያቂው ምስጋናና ምርቃት አቅርቦ በትርጓሜው ተስማማ። 2ኛው አልተቃወመም፤ ነገር ግን ከሁለት ፊደል ብቻ ተነስቶ መፍረድ እንደማይቻል ገልጾ፣ የእጀታው ግርጌ፣ የሽጉጡ አናትና ጥይቶቹ የሚገቡበት የተሽከርካሪው ጎታ የኋላ ፊት ፎቶግራፍ ተነሥቶ እንዲቀርብ ጠየቀ። ፎቶዎቹ በማግሥቱ መጡ። ቀለሙ ከጥቁር ወደ ግራጫ ያደላና የማያብረቀርቅ ነው፤ እጀታው ልሙጥ እንጨት ሆኖ ከግርጌው የማንጠልጠያ ቀለበት አለበት፤ አፈሙዙ አምስት ኢንች ያህል ይረዝማል፤ የግርጌው መለያ ቁጥርም ቪ በተባለው የላቲን ፊደል ይጀምራል። 3ኛው መላሽ ከጎታው የኋላ ፊት ላይ ብቻዋን የቆመች ፒ ፊደል አይቶ፣ ይህች ፖሊስ ለሚለው ስለምትቆም ጉዳዩ ተረጋግጧል ብሎ ደመደመ።

4ኛው ምላሽ ይህን በጨዋነት አረመ። ይህች ትንሽ ፒ ከፖሊስ ጋር ምንም ግንኙነት የላትም፤ የአሜሪካ ጦር የመሣሪያ መርማሪዎች ጠንካራ ጥይት ተኩሰው ብረቱ መቻሉን ካረጋገጡ በኋላ የሚመቱት ምልክት ነው። ማስረጃውንም እዚያው ሽጉጡ ላይ አሳየ፤ ተመሳሳይዋ ፒ በአፈሙዙ ሥርና በአካሉ ላይ ትገኛለች፤ በአናቱም ላይ የዩናይትድ ስቴትስ ንብረት መሆኑን የሚናገር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። በዚህ መሠረት ሽጉጡ በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ የነበረው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሠራው፣ ቪክቶሪ የሚባለው ዓይነት መሆኑን ለየ። አምስት ኢንች አፈሙዝ ያለው ለብሪታንያና ለጋራ ብልጽግና አገሮቿ የተላከው ሲሆን፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ስለዚህ አንዱ ጅማ መገኘቱ በራሱ የሚያስደንቅ አይደለም።

ክሩን ያሞቀው 5ኛው ምላሽ ነው። ጸሐፊው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር መሆናቸውን ገልጸው፣ በመለያ ቁጥሩ ፊት ያለችው ቪ ለዘመን ቆጠራው ወሳኝ መሆኗን አስረዱ። ፋብሪካው ቪን በቁጥሩ ፊት ማስቀደም የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942 ነው፤ ከዚያ በፊት ለእንግሊዞች የላካቸው ተመሳሳይ ሽጉጦች ይህች ፊደል የለባቸውም። በ1944 መጨረሻ ደግሞ አንድ ሽጉጥ መሬት ወድቆ ባርቆ አንድ መርከበኛ በመግደሉ፣ ፋብሪካው ሽጉጡ ሲወድቅ እንዳይተኩስ የሚከለክል አዲስ ማገጃ ጨምሮ ኤስ የተባለችውን ፊደል ከቪ ጋር አጣመረ። የጠያቂው ሽጉጥ ቪ ብቻ ስላለው በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል የተሠራ ነው። ጅማ ነጻ የወጣችው ግን ሰኔ 14 ቀን 1933 ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሰኔ 1941 ነው። ስለዚህ ከተማይቱ ነጻ በወጣችበት ቀን ይህ ሽጉጥ ገና አልተሠራም ነበር። መምህሩ አያትየው ዋሽተዋል አላሉም፤ ሽጉጡ የተሰጣቸው በኋላ ሊሆን እንደሚችል፣ ወይም ከሌላ ሽጉጥ ታሪክ ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን እንደሚችል ነው የጻፉት።

6ኛው ምላሽ ግን ስድብ ለበስ ነበር። የአባቶች ምስክርነት በፋብሪካ ቁጥር አይሻርም ሲል መምህሩን «አንተ» እያለ ወቀሰ። 7ኛው ከእሱ ጋር ወግኖ፣ የፈረንጅ ወረቀት አምኖ የአገር ሽማግሌን መጠራጠር ልማድ ሆኗል ብሎ አማረረ። 8ኛው ምላሽ ከአንዲት የአጋሮ ሴት የመጣ ሲሆን፣ በዕድሜ አባት የሚሆኑ ሰው አንቱ መባል እንዳለባቸው፣ ደግሞም ብረት ላይ የተመታ ቁጥር ፈረንጅም ሐበሻም እንደማይለይ አጥብቃ አሳሰበች። እኔ በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ። የሽማግሌ ቃል የሚከበረው ከማስረጃ ጋር ሲመዘን ነው፤ ሳይመዘን የሚታለፍ ቃል ተከበረ አይባልም።

9ኛውን ምላሽ የጻፍሁት እኔ ነኝ። ያልሁትም ይህ ነው፦ ፊደሎቹ የምን ምሕጻር እንደሆኑ ከመጠየቃችን በፊት ማን እንደመታቸው መጠየቅ አለብን። አንድ አሮጌ የፖሊስ ሽጉጥ ላይ የብዙ እጆች ምልክት ይደራረባል፤ መጀመሪያ የፋብሪካው፣ ቀጥሎ የፈታሹ፣ ከዚያ የተረከበው መንግሥት፣ በመጨረሻም ለአባላቱ ያደለው መሥሪያ ቤትና የግምጃ ቤቱ ሹም። ይህን ያልለየ ሰው በፋብሪካው ስም ይታለላል። የኮልት ፋብሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1927 እስከ 1969 የሠራው ኦፊሻል ፖሊስ የተባለ ሽጉጥ አፈሙዙ ላይ ፖሊስ የሚል ቃል አለበት፤ ይህ ግን የዓይነቱ የንግድ ስም ስለሆነ ሱቅ ገብቶ የገዛው ግለሰብም ያው ጽሑፍ አለለት። የእንግሊዙ ዌብሊ በዚሁ አቆጣጠር ከ1868 ጀምሮ ያወጣው ሽጉጥም የአየርላንድ ንጉሣዊ ፖሊስን ምሕጻር አር.አይ.ሲ.ን በስሙ ይዟል፤ ለመንገደኛውም ለነጋዴውም ግን በዚሁ ስም ተሸጧል። በተቃራኒው የመሥሪያ ቤት ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ በእጀታው ጀርባ ወይም ግርጌ ላይ በእጅ የሚመታ ነው። ስለዚህ የኬ እና የፒ ጥያቄ የሚፈታው ብረቱን በቅርብ በማየት እንጂ በግምት አይደለም።

ከ10ኛው እስከ 12ኛው ያሉት ወደ ጣሊያን መሣሪያ ያዘነበሉ ናቸው። አንዱ ቤቱ ስላለው ቤሬታ ጠየቀ፤ ሌላው ፒ.ኤስ. የሚለው ምልክት የጣሊያን የሕዝብ ደኅንነት ፖሊስን፣ አር.ኢ. ደግሞ ንጉሣዊውን ጦር እንደሚያመለክት፣ ከዓመቱ አጠገብ ያለው የሮማ ቁጥርም የፋሺስት ዘመን አቆጣጠር መሆኑን በትክክል መለሰ። ሦስተኛው በጅማ ሙዚየም ስላሉት የአባ ጅፋር ዕቃዎች አነሣ። ለእነዚህ ሌላ ክር ቢከፈት ይሻላል።

13ኛው ምላሽ የመጀመሪያውን ከባድ ተቃውሞ አመጣ። ኬ.ፒ. የኬንያ ፖሊስ ሊሆን እንደሚችል፣ ጣሊያንን ከደቡብ በኩል የወጋው ጦር የተነሣው ከኬንያ እንደነበረ፣ ከጦርነቱ በኋላም በሞያሌ በኩል ሰውም ዕቃም ይመላለስ እንደነበረ ጠቀሰ። የአገራችን ፖሊስ ምልክት ቢያደርግ ኖሮ በግዕዝ ፊደል ባደረገ ነበር ሲልም አከለ።

14ኛው ምላሽ የመጣው ከሕግ ባለሙያ ነው፤ ከክሩ ሁሉ በአጻጻፉ የተስተካከለው እሱ ነው ብል አላጋነንሁም። የኬንያው አማራጭ እንደሚቻል ተቀብሎ፣ የግዕዝ ፊደል መከራከሪያው ግን ደካማ መሆኑን አሳየ። ዘመናዊው የኢትዮጵያ ፖሊስ በሕግ የተቋቋመው በ1934 በወጣው የፖሊስ አዋጅ ቁጥር 6 ነው። በዚያው ዓመት መውጣት የጀመረው ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተም ነበር። በጥር 1934 በተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነትም የፖሊሱን አደረጃጀት የሚረዱ የእንግሊዝ መኮንኖች እንዲኖሩ ተደርጓል። ግምጃ ቤቱን የሚያደራጀው እንግሊዛዊ ከሆነ፣ ብረት መምቻውም የላቲን ፊደል ቢሆን አያስገርምም። ጅማም የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ስለነበረች ከፋ የሚለውን በኬ መጀመሩ ተገቢ ነው።

15ኛው መላሽ በእንግሊዝ ንብረት ላይ የሚመታውን የቀስት ምልክት እንዲፈልግ ጠያቂውን አሳሰበው። ቀስቱ ብቻውን ከሆነ የብሪታንያ፣ በሲ ፊደል ውስጥ ከሆነ የካናዳ፣ በዩ ውስጥ ከሆነ የደቡብ አፍሪካ፣ በሁለት ዲ መካከል ከሆነ የአውስትራሊያ፣ በኤን እና በዜድ መካከል ከሆነ የኒውዚላንድ ነው። ሁለት ቀስቶች ጫፍ ለጫፍ ገጥመው ከተገኙ ደግሞ ዕቃው ከመንግሥት ንብረትነት ወጥቶ ተሸጧል ማለት ነው። ጠያቂው አጉሊ መነጽር ይዞ ፈልጎ አንዲት ብቸኛ ቀስት አገኘ። የተገጠሙ ቀስቶች የሉም፤ የእንግሊዝ ነጋዴዎች ሲሸጡ በለንደን ወይም በበርሚንግሃም የሚመታው የፈተና ምልክትም የለም። ይህ ሽጉጡ በገበያ ሳይሆን ከመንግሥት ወደ መንግሥት ተላልፎ እንደመጣ ይጠቁማል፤ ከኬንያም ከከፋም ጋር ስለሚስማማ ግን ለማንም አላደላም።

16ኛው ምላሽ በ1960ዎቹ በክፍለ ሀገሩ የፖሊስ ንብረት ክፍል ከሠሩ አዛውንት የመጣ ነው። እሳቸው ባገለገሉበት ጊዜ መሣሪያ ወጪ ሲደረግ በመዝገብ የሚሰፍረው የፋብሪካ ቁጥርና አንድ አጭር የመደብ ቁጥር እንደነበር፣ በላቲን ፊደል የተመታ ግን እንዳላዩ መሰከሩ። 17ኛው መላሽ የ1960ዎቹ ምስክር ስለ 1930ዎቹ ሊናገር አይችልም ብሎ ሻከር ባለ ቋንቋ አቋረጣቸው። ቃሉ ቢመርም መከራከሪያው ተገቢ ነበር። አዛውንቱም በ20ኛው ምላሽ ሳይቆጡ ያዩትን ብቻ እንደተናገሩ አስረዱ።

18ኛው ምላሽ የክሩ ሁሉ ክብደት ያረፈበት ነው። ጸሐፊው በጅማ መርካቶ ማህተም የሚቀርጽና ብረት ላይ ፊደል የሚመታ ባለሙያ ነው። ጠያቂው መብራቱን ከጎን አድርጎ ፎቶ እንዲያነሣ፣ ስስ ወረቀት በምልክቱ ላይ ዘርግቶ በእርሳስ እንዲያሸው፣ ጠርዙንም በጥፍሩ እንዲዳስስ አዘዘው። በተገኘው ላይ የሰጠው አስተያየት የሚከተለው ነው። ኬ እና ፒ ጫፋቸው ላይ ትንንሽ እግር ባላቸው መምቻዎች፣ እኩል ጥልቀት ይዘው፣ በቀጥታ መስመር የተመቱ ናቸው። 47 ግን እግር በሌላቸውና ከፍ ባሉ መምቻዎች ነው የተመታ፤ 7ቷ ወደ ቀኝ አዘንብላለች፤ በላይኛው አግድም መስመሯም ላይ የመምቻው ጥርስ መጎዳቱን የሚያሳይ ጭረት አለ። የፋብሪካው ግራጫ ቀለም በፊደላቱም በቁጥሩም ጉድጓድ ውስጥ ስለሌለ ሁለቱም ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተመቱ ናቸው። ልዩነቱ ጠርዛቸው ላይ ነው። ብረት ሲመታ በዙሪያው ጠርዝ ያብጣል፤ በፊደላቱ ዙሪያ ያበጠው በብዙ ዘመን የእጅ መዳሰስ ሙልጭ ብሎ ሲጠፋ፣ በ47 ዙሪያ ያለው ግን እስከ ዛሬ ጥፍርን ይይዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከቁጥሩ ሥር ብረቱ ትንሽ ሰርጎድ ብሏል፤ በሞረድ የተፋቀ የቆየ ቁጥር ነበረበት ማለት ነው።

19ኛው መላሽ ሽጉጡን ለመግዛት ዋጋ ጠየቀ። ይህን የተቀበለው ማንም አልነበረም። የሕግ ባለሙያው በ21ኛው ምላሽ ስለ ጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ከፈቃድ ውጭ እጅ በእጅ እንደማይተላለፍ አስጠነቀቀ፤ የመድረኩ ኃላፊም የ19ኛውን ጽሑፍ አነሣ። 22ኛው አሁንም ይተኩስ እንደሆነ ለጠየቀ ሰው፣ 23ኛው በማያሻማ ቃል እንዳይሞከር መለሰ፤ ለእንግሊዝ የተላከው የሚጎርሰው አጭሩን .38 ጥይት ሲሆን፣ ብዙዎቹ በኋላ ረዥሙን እንዲጎርሱ ስለተቦረቦሩ ቀለሁ ሊያብጥና ሊሰነጠቅ ይችላል።

24ኛው ምላሽ ከጠያቂው ነው። አጎቱ የአያትየውን ሣጥን ፈትሸው በ1951 የተጻፈ የርክክብ ወረቀት አገኙ። ወረቀቱ አንድ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ከነማንጠልጠያው ለአያትየው መሰጠቱን ይገልጻል፤ በቪ የሚጀምረው የፋብሪካ ቁጥር ከእጀታው ግርጌ ካለው ጋር አንድ በአንድ ይገጥማል፤ የመደብ ቁጥር በሚለው ዓምድ ሥርም 47 ተጽፏል። ስለ ኬ እና ፒ ግን አንድም ቃል የለም።

ይህ ወረቀት ብዙ ነገር አስተካከለ። ሽጉጡ በ1951 የጅማ ፖሊስ ንብረት እንደነበር ከእንግዲህ አያጠያይቅም፤ 47ም የዚያው ግምጃ ቤት ቁጥር ነው። የአዛውንቱም ምስክርነት ተደገፈ፤ በመዝገቡ የሚሰፍረው በእርግጥም እሳቸው እንዳሉት የፋብሪካ ቁጥርና አጭር የመደብ ቁጥር ብቻ ነበር። የመርካቶው ባለሙያ ያየው ከዚህ ጋር ሲጣመር ደግሞ፣ በሞረድ የተፋቀው የቆየ ቁጥር የኬ እና የፒ ጓደኛ የነበረ ይመስላል። ግምጃ ቤቱ ሲረከበው የቀድሞውን ባለቤት ቁጥር ፍቆ የራሱን መታ፤ ፊደላቱን ግን ተዋቸው። እኔ በዚህ ምክንያት ፊደላቱ ከከፋ ፖሊስ ይልቅ ከእሱ በፊት የነበረ ባለቤት ናቸው ወደሚለው አደላለሁ፤ ከሚቀርቡት አማራጮች ውስጥም የኬንያ ፖሊስ ሚዛን ይደፋል። መምህሩ በ25ኛው ምላሽ በዚሁ ተስማምተዋል። የ6ኛው ምላሽ ጸሐፊ አልተስማማም፤ ግምጃ ቤቱ ራሱ መጀመሪያ በእንግሊዞች፣ ኋላም በአገር ልጆች ስለተመራ ሁለቱም ምልክቶች የከፋ ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ተከራከረ። በዚህ ጊዜ ግን መምህሩን አንቱ ብሎ ነው፤ ክርክሩም ሊመረመር የሚገባው ነው።

26ኛው መላሽ ለፋብሪካው የታሪክ ክፍል ተጽፎ የሽጉጡ የመላኪያ መዝገብ እንዲጠየቅ ሐሳብ አቀረበ። መልካም ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን የዚህ ዓይነት ደብዳቤ የሚናገረው ሽጉጡ መጀመሪያ የተላከበትን ቦታ ብቻ ነው፤ በጦርነት ጊዜ ለመንግሥት የተሠሩት ደግሞ የሚላኩት ወደ አሜሪካ ጦር ግምጃ ቤት ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ጉዞ የፋብሪካው መዝገብ አያውቀውም። የሚጠቅመን ሌላ ኬ.ፒ. ያለበት፣ ቁጥሩም ያልተፋቀ ሽጉጥ ማግኘት ነው። ይህን በ27ኛው ምላሽ ጽፌ፣ በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙና በቦንጋ አሮጌ ስድስት ጎራሽ በፈቃድ የያዙ ቤተሰቦች የእጀታውን ጀርባ እንዲመለከቱ፣ የፋብሪካውን ቁጥር የመጨረሻ አኃዞች ሸፍነው ፎቶ እንዲያያይዙ፣ ምንም ነገር እንዳያሹና እንዳይፍቁ ለመንሁ።

28ኛው ምላሽ ከዚያችው የአጋሮ ሴት መጣ። በአጎቷ እጅ ያለው ዌብሊ በእጀታው ጀርባ ላይ ፊደል የሌለው 17 አለበት፤ 7ቷም ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። የመርካቶው ባለሙያ የላከችውን የእርሳስ ቅጂ ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በላይኛው አግድም መስመር ላይ ያለው ጭረት በሁለቱም አንድ ስለሆነ ቁጥሮቹ የተመቱት በአንድ መምቻ ነው ብሎ በ29ኛው ምላሽ አረጋገጠ።